አሆሎቴው እስኪጎርስ

ኤውላሊያ ቀይዋን ትል በሁለት ጣቷ ይዛ በሸክላው ማሰሮ ላይ አጎነበሰች። «በል እንጂ የኔ ጌታ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ» አለችው። አሆሎቴው ማሰሮው ውስጥ፣ ከውሃው ታች አራት እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። እንሽላሊት እንዳይሉት ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ዓሣ እንዳይሉት እግር አለው፤ ብቻ የሶቺሚልኮ ሐይቅ ልጅ ነው። ትሏን አያትም አላያትም፣ አልተንቀሳቀሰም።

ያመጣችው ባለፈው እሑድ ነው። ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ያለ አንድ ምግብ ቤት ለቱሪስት መሳቢያ ብሎ ፀሐይ በሚመታው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፤ መጋቢው የቶርቲያ ቂጣ ፍርፋሪ የሚወረውርለት አላፊ አግዳሚ ነው። አንገቱ ላይ ግራና ቀኝ እንደ ላባ መንሰራፋት የነበረበት መተንፈሻው አልቆ ጉቶው ቀርቷል። ባለቤቱን ብትጠይቀው «ውሰጂው፣ እሱ እንደሆነ ሞቷል» አላት፣ አፉን በምግብ ሞልቶ። ደሟ ፈላ። ቤቷ ወስዳ፣ ያደረ ውሃ በሸክላ ሞልታ አስገባችው፤ ሸክላ እያላበው ውሃ ያቀዘቅዛል። አሆሎቴው ግን ከዚያ ወዲህ ምንም አልቀመሰም። ሆዱ ከጭንቅላቱ ቀጥኗል። ዛሬ ካልበላ ነገ የለም፤ ይህን ታውቃለች።

በሩ ተከፈተና አማቷ ዶኛ ሬፉሂዮ ከነሳላቸው ገቡ። ቅዝቃዜው ከገባ ጀምሮ ደረታቸውን ይዟቸዋል። በአንድ እጃቸው ማር፣ በሌላው የቡጋንቪላ አበባ ይዘዋል። ማሰሮውን አዩ፣ ኤውላሊያን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ፣ ለካ ለእኔ ኖሯል። ምራትሽ አሆሎቴ ይዛ ገባች ሲሉኝ አላመንኩም። የእናቴን የሳል ሽሮፕ ልታፈዪልኝ!»

ኤውላሊያ ክው አለች። እንዴት ረሳችው? የሶቺሚልኮ አሮጊት አሆሎቴ በሸክላ ውስጥ ስታይ የሚታያት ከእሱ ተቀቅሎ የሚወጣው የሳል ሽሮፕ ነው። ደግሞ ካገባች ጀምሮ ከእኚህ ሴትዮ አፍ «ልጄ» የሚል ቃል ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ይህን ቃል ገና ሰምታው መልሳ ማጣቱ አሳዘናት።

«ዶኛ ሬፉሂዮ፣ የሚቀቀል አይደለም» አለች። «ታሟል። ላድነው ነው ያመጣሁት።»

አሮጊቷ ማሩን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረጉት። «እኔ አማትሽ እዚህ እየሳልኩ ልሞት ነው፣ አንቺ ለውሃ እንሽላሊት ሐኪም ሆንሽ? ያ ሞኝ ልጄ ምን ዓይነቷን ነው ያገባው?»

ስድባቸው ስላላለቀ የቀረውን ለአሆሎቴው ሊሰጡ ጎንበስ አሉ። አዩትና ፊታቸውን ወደ ውሃው አስጠጉ።

«ምን አድርገውት ነው?»

«አስርበውት።»

«ይሄማ ምን ሽሮፕ ይወጣዋል፣ ቆዳ ብቻ። መጀመሪያ ይደልብ።»

«ይደልብ» አለች ኤውላሊያ ቶሎ ብላ።

«አምጪ ትሏን። አፍንጫው ላይ ምን ትደነቅሪበታለሽ? በጎኑ አሳልፊያት፣ በራሷ የምትዋኝ ይምሰለው።» እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን ማሰሮው ውስጥ ሰደዱ። ትሏ በጣታቸው መሐል ተርገፈገፈች። አሆሎቴው ጭንቅላቱን ዘወር አደረገ። አንድ እግሩን አነሳ። ከዚያ አፉ ተከፈተ፣ ላፍ፣ ትሏ የለችም።

«በላ! ዶኛ ሬፉሂዮ፣ በላ እኮ!» ኤውላሊያ በደስታ እንደ ሕፃን ዘለለች፤ እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ መጣ።

«ቀስ በይ፣ ታስደነግጪዋለሽ። ሌላ አምጪ» አሉ፤ እሳቸውም ጥርሳቸው ታይቷል።

ሁለተኛዋን ሲያስጠጉለት ሳላቸው መጣ። ፊታቸው ቀላ። ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ሳሉን አፍነው ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው ውስጥ ያለው እጃቸው ግን ቀጥ ብሎ ቆየ።