የክርስትና አባቴን ራስ

«ሜን!» ብዬ ጮህኩ፤ የቀርከሃ ጎራዴዬ ግን የጋሽ መርሃዊ ራስ ላይ ሊያርፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየር ላይ ቆመ። በኬንዶ፣ በጃፓኖቹ የጎራዴ ጥበብ፣ «ሜን» ማለት ራስ ነው። ሰው ሲመታ ቦታውን በስሙ እየጠራ ነው። እኔ ስሙን ጠራሁት፣ መምታቱ አቃተኝ።

እንዴት ልምታ? ይህ ራስ እኮ የክርስትና አባቴ ራስ ነው። እዚህ ሰው አገር ክርስትና እናት የምትሆነኝ ስትታጣ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ስነሳ አቅፈውኝ የቆሙት እሳቸው ናቸው። እናቴ እሳቸው ፊት እግሬን አነባብሬ እንድቀመጥ እንኳ አትፈቅድልኝም። አሁን ደግሞ አምስት የማዕረግ ፈተና ዳኞች ፊት ለፊታችን ቁጭ ብለው ደህና አድርጌ እንድቀጠቅጣቸው ይጠብቃሉ።

ጥፋቱ የባቡር ሠራተኞች ነው። ተፈታኝ ከተፈታኝ የሚጣመረው በዕድሜ ነበር፤ የጋሽ መርሃዊ ተጋጣሚ ከናፖሊ የሚመጡ ጡረተኛ ስለነበሩ በባቡር አድማው ምክንያት ቀሩ። ከሴቶቹ ደግሞ ጥንድ ያጣሁት እኔ ነኝ። ስም ጠሪዋ ፓኦላ «አሎራ፣ እንግዲህ ሾፔሮ ነው፣ አድማ! ምን ይደረግ! አንቺ ከሳቸው ጋር» አለችና ገላገለችን።

ጋሽ መርሃዊ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራም ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ኬንዶ የጀመሩት በእኔ ሰበብ ነው። ልጅ ሳለሁ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ኬንዶ ከምማርበት ጂም ሊወስዱኝ ይመጡ ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ሲሰለቻቸው አንድ ቀን ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አምና ለመጀመሪያው ማዕረግ ተፈትነው ወደቁ። በዕድሜ የሚጠጋቸው ተጋጣሚ ስለጠፋ የደረሳቸው ክሪስቲያን የሚባል ጨዋ ልጅ ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው ብሎ አዘነላቸውና ለይምሰል ያህል ነካ ነካ አድርጓቸው ጨረሰ። ዳኞቹም «ያየነው ነገር የለም» ብለው ሁለቱንም ጣሏቸው። ያን ቀን ትራሙ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቤታቸው እስክንደርስ ቀርከሃቸውን ታቅፈው በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ። አንጀቴን በሉኝ። በመስከረም ጉልበታቸው ኦፕራሲዮን ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ እንዲህ መዝለል የለም። ዛሬ ካላለፉ አበቃ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ተንደርድሬ ገባሁ፣ ጮህኩ፣ ቀርከሃው እንደገና ቆመ። ከዳኞቹ አንዷ አዛጋች።

አስተማሪያችን ጋብሪኤሌ ግድግዳው ሥር ቆሞ በሁለት እጁ ራሱን ይዟል። እሱ ዘወትር የሚነግረን ነገር አለ። ድሮ ጃፓኖች በእንጨት ጎራዴ ሲለማመዱ፣ ሰው እንዳይሞት ምታቸውን ገላ ላይ ሳያርፍ ማቆም ነበረባቸው። በኋላ ቀርከሃውንና ፊት ላይ የሚጠለቀውን የብረት ፍርግርግ ያመጡት፣ ማንም ማንንም ሳይምር እንዲመታ ነው። «ስለዚህ መራራት የምትፈልጉ ካላችሁ» ይለናል፣ «ሦስት መቶ ዓመት ዘግይታችኋል።»

ተጋጨንና ቀርከሃዎቻችን እጀታቸው ላይ ተያያዙ፤ ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ፈተና ላይ ማውራት ክልክል ነው። ጋሽ መርሃዊ ግን በፍርግርጉ ውስጥ አንሾካሾኩ።

«ሄራን! ምን ሆነሻል?»

«ጋሼ፣ አልቻልኩም።»

«ለምን?»

«ባሳምምዎትስ?»

«ራሴ ላይ ካስኮ አጥልቄ የለም እንዴ?»

«ቢሆንም… እርስዎ እኮ ነዎት።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ! አንቺም እንደ አምናው ልጅ ልታዝኚልኝ ነው?» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ግን መለስ አሉና፣ «አዛኝ ከፈለግሁ ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ። አሎራ፣ ጠንቀቅ በይ፣ መጣሁልሽ!»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ወደ ኋላ ተፈናጠሩ፤ «ሜን!» የሚለው ጩኸታቸውና ምቱ እኩል ደረሱኝ። መሀል አናቴ ላይ! ጆሮዬ ጭው አለ። ከተወለድኩ ጀምሮ «የኔ እመቤት» ሲሉኝ የኖሩት ሰውዬ ቅንጣት አልራሩልኝም። ጭራሽ ዞር ብለው ቀርከሃቸውን ቀና አደረጉና «ነያ!» በሚል አኳኋን ቆሙ።

እውነቱን ልናገር፣ እሳት ጎረስኩ። ክርስትናውም፣ የእናቴ ቁጣም፣ የመስከረሙ ኦፕራሲዮንም ከአዳራሹ ወጥተው ሄዱ። ፊቴ የቀረው አንድ ሰማያዊ ልብስ የለበሰ፣ ለአፍታ ቀርከሃውን ዝቅ ያደረገ ሰው ብቻ ነበር። ሆዴ ውስጥ ያለውን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ መታሁት።

ጧ! አለ። ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ፤ ተቀጣቀጥን። እሳቸው ራሴን፣ እኔ የእጃቸውን አንጓ፣ እሳቸው ጎኔን፣ እኔ እንደገና ራሳቸውን። ያቺ ያዛጋችው ዳኛ ወንበሯ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ጋብሪኤሌ እጁን ከራሱ ላይ አውርዷል። አቁሙ ስንባል ሁለታችንም ትንፋሽ አጥሮን ነበር።

ኬንዶ ላይ መደሰት አይፈቀድም፤ መትቶ የፈነደቀ ሰው ነጥቡ ይሰረዝበታል። እኛም ፊታችንን ኮስተር አድርገን እጅ ተነሣሣንና ወደ ኋላ እየተራመድን ወጣን።

ጥግ ላይ ተንበርክከን ፍርግርጋችንን ፈታን። ጋሽ መርሃዊ ላብ በላብ ሆነዋል። ከሥሩ የጠመጠሙትን ፎጣ ገለጡና አናታቸውን በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ይዳብሱ ጀመር። ፓኦላ ያለፉትን ቁጥር ትጠራለች። የእኔ ተጠራ። ቀጥሎ የእሳቸው።

«ጋሼ! አለፉ እኮ!» ብዬ ክንዳቸውን ነቀነቅኩት።

አልሰሙኝም። አናታቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጥርሳቸው በሙሉ ይታያል።

«ሄራን» አሉኝ፣ «አመመኝ እኮ! በጣም አመመኝ!»