ገመዱና ጉርሻው

ባሮክ ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። መሰኪያው ላይ ያለችው መብራት ብልጭ አለች። ላፕቶፑ ላይ የተከፈተው የቃለ መጠይቅ መስኮት ግን «በመገናኘት ላይ» እያለ መሽከርከሩን አላቆመም።

«ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው» አለች ታላቅ እህቱ ዋጋነሽ፣ ሳህን ይዛ ከኋላው ቆማ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ከፊንላንድ ከተመለሰ ወዲህ ለሥራ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ኮሌጁ የኔትወርክ መምህር ይፈልጋል። የላፕቶፑ ዋይፋይ ተበላሽቷል። የቤቱ ኢንተርኔት የሚገባው የዋጋነሽ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ካሜራ የለውም። ሁለቱን በገመድ ማገናኘት፣ ኢንተርኔቱን ከእሷ ወደ እሱ ማሻገር፤ በቃ። ስንት ዓመት የተማረው ይህንኑ አይደል?

ገመዱን ጠረጠረ፤ ጠዋት ቀራንዮ ፌርማታው ጋ የገዛው ነው። ዴስክቶፑን ጠረጠረ። ሰፈሩን፣ አገሩን ጠረጠረ። በመጨረሻ መመለሱን ራሱን ጠረጠረ።

«ያ ሁሉ ትምህርት ለሁለት ኮምፒዩተር አነሰ?» አለች ዋጋነሽ። ድንች ወጥ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች። «በል እንካ፣ በባዶ ሆድህ አትቅረብ።»

ፊቱን አዞረ። «በልቻለሁ አልኩሽ!»

«የት? ከመጣህ ጀምሮ በልቻለሁ ነው። ለሰው ሁሉ ጫማ አደልክ፣ ስልክ አደልክ። የኛን ስትቀምስ ግን ታንቅሃለች?»

ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለ። እስካሁን ሲነካካ የቆየው የእሷን ኮምፒዩተር ነው፤ የራሱን አንዴም አላየውም። የኔትወርክ ማስተካከያውን ከፈተ። «ግንኙነቱን ለሌሎች አጋራ» የሚለው ላይ ምልክት አለ። እዚያ ማዶ፣ በተማሪዎች መኖሪያ፣ ለጎረቤቶቹ ሲያጋራ የተወው ነው። የዋጋነሽም ላይ ያው ምልክት አለ፤ ቅድም ራሱ ነው ያደረገው። ሁለቱም ሊሰጡ ተሰናድተው ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ የሚቀበል የለም።

የራሱን አጠፋ።

«እጄ ዛለ እኮ፣ ባሮኬ።»

አፉን ከፈተ።

ጉርሻው ትልቅ ነበር። ገና አንዴ እንኳ ሳያላምጥ ላፕቶፑ ጮኸ፤ ክራባት ያሰሩ ሦስት ሰዎች መስኮቱ ላይ ብቅ አሉና፣ ያበጠ ጉንጩንና ከአፉ ገና ያልራቀውን፣ ወጥ የነካውን የእህቱን እጅ ተመለከቱ።