የትንፋሽ ማሽኑ ምስክር

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ደጃፍ፣ አቀርቅሬ ዳዊቴን ስደግም የሰማሁት ነው። ሁሉም ቃል ትዝ አይለኝም፤ እግዚአብሔር ያስታወሰኝን ልጻፍ።

«የሶስና እናት፣ ነገ ከአውሮፓ እንግዶች ይመጣሉ» አለች ነርሷ። «ለምርምር በሰጡን ገንዘብ እዚሁ የሠራነውን የትንፋሽ ማሽን ሊያዩ ነው። አንድ እናት ብትመሰክርልን ገንዘቡን ይቀጥሉልናል።»

«እዚህ ስንት እናት ተቀምጣ፣ ለምን እኔ፣ ሲስተር?»

«እነሱ ማሽኑ ሲሠራ አላዩም። የድሮዎቹ ደግሞ አገራቸው ገብተዋል።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ሶስና ትንፋሿ ሊቆም ሲል አምጥተሻት፣ በማሽኑ መተንፈስ እንደጀመረች። ጡትሽን እንደያዘች። ውሸት አይደለም እኮ።»

«አይደለም። ስቃልኝም ነበር።»

«በቃ፣ እሱን ንገሪያቸው።»

«ማሽኑ መለዋወጫ ጠፍቶ ስለቆመበት ቀንስ?»

ከውስጥ ሕፃናት ትንፋሽ አጥሯቸው ያቃስታሉ።

«እሱን ከሰሙ ጥለውን ይሄዳሉ። መለዋወጫውንም የሚገዛልን አይኖርም። ለነዚህ ስትይ፣ እህቴ።»

«እሺ፣ እመጣለሁ።»

«አንድ ነገር ግን ልለምንሽ» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይህን ልብስ ለነገ ብቻ ቀይሪልኝ።»

ያን ጊዜ ቀና ብዬ እናቲቱን አየኋት። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

«ነጭ ለብሼ እመጣለሁ» አለች።