ባዶ ክፍል፣ አሥራ ስድስት ዲግሪ

ሀዊ እሺ ያለችው ረቡዕ ምሳ ላይ ነው። አራት ወር ሙሉ እምቢ ስትል ከርማ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ማርሳቢት እሄዳለሁ፤ ኦፕራሲዮን ያድርጉኝ» አለች።

ባሏ ወልደየሱስ ለምን አላለም። ሚስቱን ያውቃታል፤ የጠየቀ እንደሆነ ሐሳቧን ትለውጣለች። ሐኪሙ በኩላሊቷ ያለው ጠጠር ቶሎ ካልወጣ ኩላሊቱ ራሱ ይሞታል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። እሷ ግን ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ፣ ይፈውሳል ተብሎ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ከምትሄድበት፣ ከዓለት ከሚንጠባጠብ ውሃ በየቀኑ አንድ ጠርሙስ እየቀዳች ስትጠጣ ከረመች። በዚህ ነገር ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ሁለቱም ደክሟቸዋል። አሁን ሻንጣዋ በር ላይ ተቀምጧል። አውቶቡሱ ዓርብ ማለዳ ይነሳል።

ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ኦቦ ጂሎ ነበሩ።

«ፉንዲ፣ ማሽኑ ከሰኞ ጀምሮ አልሠራ ብሏል። ዛሬውኑ ድረስልኝ።»

በኬንያው ሞያሌ የሚጠግን ሰው ሁሉ ፉንዲ ነው። ወልደየሱስ ስደተኛ ሆኖ ከገባ ጀምሮ ኤሲ ሲፈታና ሲገጥም ስለኖረ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ከሚስቱ በቀር የለም። መሣሪያውን አንጠልጥሎ የረዳቱ የዴኒስ ሞተር ላይ ወጣ። ሌሊቱን ሀዊ ስታቃስት አድሮ አልተኛም፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ዴኒስ በክርኑ ጎሸመው።

ኦቦ ጂሎን አይወዳቸውም። ከስድስት ወር በፊት ማሽን ሊያስገቡ ሲጠሩት፣ እንደ ልማዱ ዓይነቱን ሁሉ ዘርዝሮላቸው ነበር። የመስኮቱ ርካሽ ነው፣ ግን ይጮኻል፤ ለሱቅ ይሆናል። ተንቀሳቃሹ ለተከራይ ነው፤ ቤት ሲቀይር ይዞት ይሄዳል። ለእንዲህ ያለ ደረቅ አገር ግን በውሃ የሚያቀዘቅዘውን የሚያህል የለም፤ አንድ ባልዲ ውሃ ይሞሉለታል፣ መብራትም አይበላም።

«ውሃ የሚጠጣ ማሽን ቤቴ አይገባም» ነበር ያሉት ጂሎ።

በድርቅ ዘመን ማን ይፈርድባቸዋል? ስፕሊቱን መረጡ፤ ግማሹ ግድግዳ ላይ፣ ግማሹ ውጭ የሚሰቀለውን። ያውም ለአዳራሽ የሚሆነውን ትልቁን። ቤቱ ጀርባውን ለድንጋያማ ጉብታ ሰጥቶ የተሠራ ነው። ማሽኑ የሚያንጠባጥበውን ውሃ ማስወጫ ቱቦ በጓሮው ግንብ ቀዳዳ እንዲያሳልፍ አዘዙትና የቀረውን ራሳቸው እንደሚጨርሱት ነገሩት። «ከግንቡ ወዲያ የሰው ቦታ ነው፤ እንዳትሻገር።»

ያኔ ክፍሉ ባዶ ነበር። ዛሬም ባዶ ነው። አልጋ የለ፣ ወንበር የለ፣ ምንጣፍ እንኳ የለ። ወለሉ እርጥብ ነው፤ አሁን የታጠበ ይመስላል። ማሽኑ አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ ሆኖ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ መስኮቱ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ በደንብ ይሠራል።»

«አይሠራም አልኩህ!»

«መስኮቱን ልዝጋው? ቅዝቃዜው ሁሉ እየወጣ ነው።»

«እንዳትነካው! የውጭ አየር ይግባበት።»

የወልደየሱስ እጅ አየር ላይ ቀረ። ክፍል እያቀዘቀዘ መስኮት የሚከፍት ሰው የሚያስወጣው ሽታ አለው ብሎ አሰበ። ወለሉን በጠዋት የሚያጥብም እንዲሁ። ድንበር ላይ የኖረ ሰው በቀዝቃዛ ክፍል ምን ምን እንደሚደበቅ ያውቃል፤ ያለ ወረቀት የተሻገረ መድኃኒት አለ፣ ከዚያም የከፋ አለ። ፈራ። ነገ ሚስቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ምስክር ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ ሊመላለስ አይችልም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ማሽኑን ፈታ። ጋዙ ሙሉ ነው፣ ማራገቢያው ጤነኛ ነው። ያገኘው ጉድለት አንድ ብቻ ነበር፤ ማስወጫ ቱቦው በአረንጓዴ ዝቃጭ ተደፍኗል። ዴኒስን ሱቅ ልኮ አቼቶ አስገዛ። ግማሽ ጠርሙሱን ቱቦው ውስጥ ጨምሮ ትንሽ ጠበቀና በአፉ እፍ አለበት። የታጎረው ሁሉ ተንዶ ሄደ።

«ኦቦ፣ ከዚህ ሌላ ምንም አላገኘሁም» አለ አፉን እየጠረገ።

ጂሎ ወደ ጓሮ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«አሁን ሠራ! ገለቶማ፣ ፉንዲ። ስንት ሰው እንደጠቀምክ አታውቅም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያየኸውን ግን እዚሁ ተወው።»

መንገድ ላይ ዴኒስ ዞር አለ።

«ሳሳ፣ አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ምንም።»

«ለምንም ኤሲ የሚያስገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ለሰፈሩ ሹም፣ ለቺፉ ንገር።»

«ከማርሳቢት ስመለስ» አለ ወልደየሱስ። ከዚህ በላይ ለመናገር አቅም አልነበረውም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ማለዳ ሀዊ አውቶቡሱ ላይ እንድትወጣ።

ቤት ሲደርስ ሻንጣው በር ላይ የለም። ሀዊ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ልብሶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ሳጥን ውስጥ ትመልሳለች። ጎኗን በአንድ እጇ ደግፋ ይዛዋለች፤ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ሻንጣውስ?» አለ።

«ማርሳቢት ቀርቷል። ከሰኞ ጀምሮ ዓለቱ ነጥፎብን ነበር፤ ፈጣሪ ፊቱን አዞረብኝ ብዬ ነው እሺ ያልኩህ። ዛሬ ረፋድ ላይ ግን ውሃው ተመለሰ፣ ወልዴ! ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ።»

ጠርሙሱን አንስታ ሰጠችው።

«ቅመሰው እስቲ፤ ዛሬ ብቻ ትንሽ አቼቶ አቼቶ ይላል።»