ሩታ ወደ ጓሯችን የመጣችበት ቀን

«አካፋህን አውሰኝ» ይለኛል ጎረቤቴ ኢዮቴባ፣ ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ።

ሻይ ስል ጨው ማለቴ ነው። ትናንት ባሕሩ ሞልቶ የውሃ ጉድጓዳችን ገብቷል። የጀልባዬ ሞተርም ከጠዋት ጀምሮ ብጎትተው ብጎትተው አልነሳም ብሏል። ዓሣ የለ፣ ሻይ የለ፤ አሁን ደግሞ እሱ።

«ባለፈው እጀታውን ሰብረህ አይደል የመለስከው? አንተ ሰው፣ የራስህን አትገዛም?»

«እገዛለሁ። ለዛሬ ብቻ ነው፤ አመሻሽ ላይ ውሃው ሳይመለስ የምጨርሰው ሥራ አለ።»

እሰጠዋለሁ። ግን አያስችለኝም፤ ደግሞ እንዳይሰብርብኝ ብዬ እከተለዋለሁ።

ቤቱ ከኔ ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ግን ባሕሩ አፍ ላይ ነው። ልጁ ሩታ በተቀበረችበት በኩል ማዕበሉ መሬቱን ገምሶ ወስዶታል። የመቃብሯ ድንጋዮች ውሃው ውስጥ ወድቀዋል። ሚስቱ ታቢታ ተንበርክካ አሸዋውን በእጇ ትቆፍራለች። አጠገቧ አዲስ ሰሌን ተዘርግቷል።

ወደ ኢዮቴባ እዞራለሁ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠዋት ሞተሩን ስትሰድበው ሰማሁህ» ይላል ኢዮቴባ። «የራሱ ይበቃዋል ብዬ ነው።»

አፍራለሁ፤ መግቢያ ይጠፋኛል። አካፋውን ተቀብዬ እቆፍራለሁ። ሩታ ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ አፅሟን እየጠረገች ሰሌኑ ላይ ታኖራለች። አንዴ ብቻ ቀና ብላ «ጸጉሯ አለ» ትላለች።

ውሃው እግራችን ሥር ሲደርስ ሰሌኑን ጠቅልለን እንወጣለን።

«የት ልትወስዷት ነው?»

ኢዮቴባ ሰሌኑን እንዳቀፈ ዙሪያውን ያያል። ያለችው መሬት ይቺው ናት፤ በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላው የኔ ጓሮ። እኛ አባያንግ ደሴት ላይ ሰው ልጁን የሚቀብረው በገዛ መሬቱ፣ ከቤቱ አጠገብ ነው። በሰው ቦታ ቅበሩልኝ ብሎ መለመን ከባድ ነው፤ እኔም ብሆን አልችለውም።

«ከወጥ ቤታችን ጀርባ ከፍ ያለ ቦታ አለ» እላለሁ። «ውሃ አይደርስበትም።»

«ሚስትህስ?»

«ምን ትላለች ብለህ ነው? ና።»

አፈሩን መልሰን፣ ጸሎት አድርሰን ስናበቃ ታቢታ ከመሬት አልነሳ ትላለች። ላለፉት አምስት ዓመታት በየማለዳው፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ የልጇን መቃብር ስትጠርግ ነው የኖረችው። አሁን ቀና ብላ ታየኛለች። ድምፅዋ አዲስ እንደመጣ እንግዳ ዝቅ ብሏል።

«ወንድም ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ልጠርግላት ስመጣ፣ ውጭ ቆሜ ልጣራ ወይስ ዝም ብዬ ልግባ?»