የተመዘገበው ምላሴ

ነጋዴ የጉምሩክ መመርመሪያ ማሽኖችን ማታለል ከለመደ ወዲህ፣ በበረዶ የመጣ ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር ምግብ ጥሬ ይሁን ተልጦ የበሰለ፣ ቀረጡ ስለሚለያይ ለመሥሪያ ቤቱ የሚለየው የእኔ ምላስ ነው። ምላሴ በአዋጅ ተመዝግቧል፤ በየጠዋቱ ይመረመራል። ጨው ወይም በርበሬ ከነካው እባረራለሁ። ድሮ "ስምንተኛ ክፍል" እያሉ ይስቁብኝ የነበሩ ባለዲግሪዎች ዛሬ ፊርማዬን ቆመው ይጠብቃሉ።

በልጄ በትርንጎ የመልስ ቀን አለቃዬ አቶ አስናቀው ዶሮ ወጡን እያላበው ጎረሰ።

"አይ ስምንተኛ ክፍል፣ ይሄ ቀረብህ!" ብሎ ሳቀ።

ትርንጎ ለእኔ ለብቻዬ ያለ ጨው ያለ በርበሬ ያስቀቀለችውን የዶሮ ነጭ ሥጋ አጎረሰችኝ።

"ጣፈጠህ፣ አባዬ?"

የእንግዶቹ ዶሮ ትናንት ነው የታረደው። የእኔው በረዶ ውስጥ ሁለት ወር ከርሟል። ምላሴ ተሳስቶ አያውቅም።

"በጣም፣ ልጄ" አልኳት።