የጀማሪው ስህተት

የመድረኩ ሰዎች «መምህር» ይሉታል፤ ጠመኔ ግን ይዞ አያውቅም። ፐርል በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፈው ፕሮግራም አልሠራ ያለው ጀማሪ ሁሉ እዚያ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይለጥፍለታል፣ እሱ ያርማል። ኮምፒዩተሮቹን ይጠግንበት ከነበረው ካርቶን ፋብሪካ ከተቀነሰ ወዲህ ሥራው ይኸው ብቻ ነው።

የሁሉም ስህተት አንድ ዓይነት ነው። በየመስመሩ መጨረሻ የሚገባውን ምልክት ይረሳሉ። ፋይሉን ሰርቨር ላይ ይጭኑና እንዲሠራ ፈቃድ አይሰጡትም። ከዚያ «ሰርቨሩ ተበላሸ!» እያሉ ይጮኻሉ። መምህር ይህን ሲመልስ ኖሮ ኖሮ ጣቶቹ ሳይቀሩ ሰልችቷቸዋል።

ከሁሉም ያደከመው «ጀማሪ» በሚል ስም የሚጽፈው ነበር። አጀማመሩ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ይቅርታ መምህር፣ አሁንስ ምን አጠፋሁ?»

«ከመጀመሪያው መስመር ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር ተው ብዬህ አልነበር?» ይልና ይጽፍለታል መምህር። «ያለዚያ ገጹ አይከፈትም።» ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

«ልክ ነዎት። ደክሞዎት ይሆናል፤ ምሳዎን በልተው ይመለሱ።»

መምህር ይነሳና በሩ ሥር የተቀመጠለትን ሳህን አስገብቶ ይበላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከግድግዳው ማዶ ይንቀጫቀጫል፣ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። የልብስ ሞዴል እንድታይበት አሮጌ ኮምፒዩተሩን ከሰጣት በኋላ ዝምታው በዝቷል፤ እሱም ተመስገን ብሏል። ሥራውን ካጣ ወዲህ ከእሷ ጋር ከ«አዎ» እና ከ«አይ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጠም። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ አፍሮ ነው። ባለፈው በሩ ላይ ቆማ፣ «ለማታውቀው ሰው ሁሉ አፍ አለህ። ወይ አውራኝ፣ ወይ እህቴ ጋ ልሂድ» ብላው ነበር። ቀና እንኳ አላለም። ሻንጣዋ ኮሪደሩ ላይ ወጥቷል።

እሱን የከነከነው ግን ጀማሪው ነው። ፕሮግራሙ የሚያነበው ፋይል ቁጥር ብቻ ነው፦ ቁመት፣ ስፋት፣ ዙሪያ። የካርቶን ልክ! የቀድሞ አለቃው መሆን አለበት። «ዙሪያ» የሚለው ትንሽ ግራ ቢያጋባውም፣ አለቃው ካርቶን ከበርሜል የማይለይ ሰው ነበር። አባርሮኝ ሲያበቃ እውቀቴን በነፃ ይመጠምጣል ብሎ ደሙ ፈላ።

ወጥመድ አበጀ። ገጹን የከፈተው ሰው ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደመጣ የሚነግረው አጭር ፕሮግራም ጻፈና ሰርቨር ላይ ጫነው። ለጀማሪውም፣ «ይህን ገጽ ከፍተህ የምታየውን ንገረኝ» ብሎ ላከለት። የፋብሪካውን አድራሻ በቃሉ ያውቀዋል። ሲመጣለት በሰው ሁሉ ፊት ሊያዋርደው ቋምጧል።

ወዲያው ቁጥሩ መጣ። የፋብሪካው አይደለም። የራሱ ቤት አድራሻ ነው።

«ወይ ጉድ! እኔም የጀማሪ ስህተት ጀመርኩ» አለ ድምፁን አውጥቶ። ለካ መድከም እንዲህ ያደርጋል። ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን መስመር አየው። ምልክቱ በቦታው አለ። ባዶው መስመር አለ። ፈቃዱም አለ። ገጹን ደግሞ እሱ ራሱ ገና አልከፈተውም። ዓይኑን አሽቶ የጀማሪውን መልስ ጠበቀ። መድረኩ ላይ ምንም አልተጻፈም።

የስፌት መኪናው ዝም ብሏል።

«ይቅርታ መምህር፣» አለች ሚስቱ ከግድግዳው ማዶ፣ «አሁንስ ምን አጠፋሁ?»